ጠብታው በሻንጣ ከመሄዱ በፊት

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ሌዊስቪል ቴክሳስ የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ስለ ዓይን እንድናገር የጋበዘኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በጀቱ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ «ለአገር ቤት የዓይን ጠብታ ገዝተን እንላክ» የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድማችን እዚሁ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ምን እንደምል አስቀድሜ ስለነገርኳቸው አይቀየሙኝም። ባለፈው ዓመት ደቡብ ጎንደር ሄደው ዓይናቸው የቀላ፣ ዝንብ የወረራቸው ሕፃናት አይተው መጡ። ያንን አይቶ ዝም ማለት የሚሆንለት ሰው የለም። እኔ የምቃወመው ጠብታውን እንጂ ልባቸውን አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ ነርስ ነኝ፣ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴን እዚሁ አሜሪካ ተምሬ፣ እዚሁ እየሠራሁ ነው። የራሳችሁን ዓይን በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጣችሁ መርምሮ ያያችሁ ሐኪም ነው።

መጀመሪያ ከራሳችን ዓይን ልነሣ። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጠዋት ስትነሡ የዓይን ቆባችሁ ጠርዝ ቀልቶ አብጧል፣ ሽፋሽፍታችሁ ሥር ፎሮፎር የመሰለ ቅርፊት ተጣብቋል፣ ዓይናችሁ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ሐኪሞች ብሌፋራይቲስ ይሉታል፤ የዓይን ቆብ ጠርዝ መቆጣት ማለት ነው። ሌሊት የሚነዱ ወንድሞቻችንና ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ያፈጠጡት ከሁሉም ይበልጥ ያማርራሉ።

በቆባችን ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን እጢዎች ተደርድረዋል። ቅባቱ እንባችን ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቃል። እጢዎቹ ሲደፈኑ ወይም በሽፋሽፍቱ ሥር ባክቴሪያ ሲበዛ ጠርዙ ይቆጣል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዴሞዴክስ የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይ ሽፋሽፍቱ ሥር ትራባለች። (ፊታችሁን አታኮሳትሩ፣ ብዙ ሰው ላይ አለች።) የሕክምናው መጀመሪያ አንቲባዮቲክ አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክሮ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግ፣ ቆቡን በቀስታ ማሸት፣ ጠርዙን ማጽዳት ነው። ይህን በየቀኑ፣ ለሳምንታት። በዚህ ካልተሻለ ሐኪሙ የኤሪትሮማይሲን ወይም የባሲትራሲን ቅባት ማታ ማታ ጠርዙ ላይ እንዲቀባ ሊያዝ ይችላል። አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በጠብታ መልክ እዚህ አገር በ2007 የተፈቀደው በባክቴሪያ ለሚመጣ የዓይን መቅላት ነው፤ ሐኪሞች ለቆብ መቆጣትም ያዙታል። ለዴሞዴክስም በሐምሌ 2023 ሎቲላነር የሚባል ጠብታ ተፈቅዷል፤ እሱ ተባዩን ይገድላል እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም። እንግዲህ እዚሁ፣ መድኃኒት በሞላበት አገር እንኳ፣ አንቲባዮቲክ ጠብታ ለዓይን ቆብ ረዳት ነው፤ ዋናው ሥራ የሙቅ ውኃውና የትዕግሥቱ ነው። በሽታውም ተመላላሽ ስለሆነ በአንድ ጠርሙስ ተገላገልኩት የሚባል አይደለም።

በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። ቴክሳስ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ የተራራ ጽድ ብናኙን ሲለቅ ግማሹ ማኅበራችን ዓይኑን እያሸ ነው የሚመጣው። ያ አለርጂ ነው። ሁለቱም ዓይን ያሳክካል፣ ያነባል፣ ያስነጥሳል። አንቲባዮቲክ ለአለርጂ ምንም አያደርግለትም። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የአለርጂ ጠብታ ፋርማሲስቱን ጠይቃችሁ ግዙ።

አሁን ወደ ሻንጣው ልምጣ።

ወደ አገር ቤት በሚሄዱ ሻንጣዎች ውስጥ ያየኋቸው የዓይን ጠብታዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሰው ለራሱ ታዝዞለት ግማሹን ተጠቅሞ ያስተረፈው ነው። ሁለተኛው ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማርጠቢያ ነው። ሦስተኛው፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ነው። በጠርሙሱ ላይ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ስም ካያችሁ ያ ስቴሮይድ ነው። ብዙ ጊዜ ቶብራማይሲን ወይም ኒዮማይሲን ከሚባል አንቲባዮቲክ ጋር አብሮ ይመጣል።

ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ሲሆን ትልቅ መድኃኒት ነው። ከሐኪም እጅ ሲወጣ ግን ያታልላል። ቅላቱን በሁለት ቀን ያጠፋዋል፤ ሰውም «ተአምር ነው፣ ከአሜሪካ የመጣ ነው» ብሎ ለጎረቤት ያውሰዋል። ለሳምንታትና ለወራት ሲጨመር ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግላኮማ የሚባለው ይህ ነው፤ ሕመም የለውም፣ ዓይን ከዳር እየጨለመ ይሄዳል፣ የጠፋውም አይመለስም። የዓይን ሞራም ያመጣል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ዓይኑ በገለባ ወይም በእሾህ ተወግቶ ፈንገስ የገባበት ገበሬ ላይ የሚያደርሰው ነው። አውድማ ላይ የዋለ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ሲመጣ እኛ ከሩቅ ሆነን የምናውቀው ነገር የለም። በላዩ ስቴሮይድ ሲጨመር ፈንገሱ ተከላካይ ያጣል፣ የዓይኑ ጥቁሩ ክፍል ይበላል። የሄርፒስ ቫይረስ ከሆነም እንዲሁ ነው። ይህን የሚለየው በመሣሪያ ያየ ባለሙያ ብቻ ነው። በዋትሳፕ የተላከ ፎቶ አይለየውም። እኔም ፎቶ ሲላክልኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

«እሺ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ማርጠቢያስ ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። በ2023 መጀመሪያ እዚህ አሜሪካ ከውጭ አገር ፋብሪካ የመጣ ማርጠቢያ ጠብታ፣ መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ተበክሎ ከገበያ ተሰብስቧል። በ18 ስቴቶች 81 ሰዎች ላይ ባክቴሪያው ተገኝቷል፣ 4 ሰዎች ሞተዋል፣ 14 ሰዎች የማየት ችሎታቸውን አጥተዋል፣ 4 ሰዎች ዓይናቸው በቀዶ ጥገና እስከ መውጣት ደርሷል። ያ ሁሉ የሆነው ቁጥጥር ባለበት አገር፣ ባልተከፈተ ጠርሙስ ነው። የተከፈተው፣ በሻንጣ ሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ተኩል የበረረው፣ ከአምስት ልጆች ሽፋሽፍት ጋር የተነካካው ጠርሙስ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። የአዚትሮማይሲኑ ጠብታ ደግሞ ሳይከፈት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከተከፈተ በኋላ የሚቆየው ለ14 ቀን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት እርዳታን በሚመለከት ያወጣው መመሪያም ግልጽ ነው። ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ አገር አይለገስም። ተቀባዩ ያልጠየቀው አይላክም። በአገሩ የጤና ባለሙያዎች በሚገባቸው ቋንቋ ያልተጻፈበት አይላክም። እኛ ለራሳችን ልጅ የማናደርገውን ለእነሱ ልጅ «ከምንም ይሻላል» ብለን ማድረግ የለብንም።

እነዚያ ሕፃናትስ? ወንድማችን ያዩት ቅላት ምንድን ነው?

ሁሉም ቅላት አንድ አይደለም፤ በእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ጠላት ትራኮማ ነው፣ የዓይን ማዝ የሚባለው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ የላይኛውን የዓይን ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ያስቆጣዋል። ልጁ አንድ ጊዜ ቢያዝ ይድናል። ችግሩ ደጋግሞ መያዙ ነው። ከእህቱ ጣት፣ አብረው ከሚተኙበት ጨርቅ፣ እናት የሁሉንም ልጆች ዓይናር በተራ ከምትጠርግበት ከነጠላዋ ጫፍ፣ ከዓይን ወደ ዓይን ከምትዞረው ዝንብ። በተቆጣ ቁጥር ቆቡ በስተውስጥ ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው በዓመታት እንደ ደረቀ ጠፍር እየተሰበሰበ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሽፋሽፍቱ ያኔ ወደ ዓይኑ ይቀለበሳል። ሰው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ የዓይኑን ጥቁር ክፍል ይፍቀዋል፣ ይፍቀዋል፣ በመጨረሻም ነጭ ጠባሳ ይሆናል። ይህን ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው ጠብታ የለም።

በ2005 እና 2006 (እ.ኤ.አ.) በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል 62.6 በመቶ። ከአሥር ልጆች ስድስት ማለት ነው። በክልሉ ለዓመታት ከተሠራ በኋላ በየወረዳው በተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ወደ 26 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኝቷል። ትልቅ ድካም ነው፤ በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀርቷል ለማለት ግን ከ5 በመቶ በታች መውረድ አለበት።

በሽታው የድሆች አፍሪካውያን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት ላይ የደረሱ አውሮፓውያን ስደተኞች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት የዓይን ምርመራውን ነበር። ሐኪሞቹ የጫማ ቁልፍ ለመቆለፍ በሚያገለግል ሜንጦ የዓይን ቆባቸውን ገልብጠው ትራኮማ ይፈልጉ ነበር። የተገኘበት ወደ መጣበት ይመለሳል። ዛሬ እዚህ አገር ያ በሽታ የለም ማለት ይቻላል። በአውሮፓም በአሜሪካም መቀነስ የጀመረው አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት፣ ውኃው ቤት ሲገባና ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ መተኛቱን ሲተው ነው። እኛም ጋ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ከዝርዝሩ ወጥተዋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የዛሬው ውሳኔያችን እዚህ ላይ ነው ያለው።

ለረጅም ዓመታት የትራኮማ መድኃኒት ቲቲሲ፣ የቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቤታችሁ ቢጫ ቅባት ያለባት ትንሽ ቱቦ ያልነበረች እጅ አውጡ። ትእዛዙ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። እስቲ አስሉት። ለአንድ ልጅ 84 ጊዜ ነው። አምስት ልጆች ላሏት እናት 420 ጊዜ፣ በሁለት ዓይን 840። ቅባቱ ዓይን ያደበዝዛል፣ ልጁ ይሸሻል፣ ያለቅሳል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ የምትውል እናት ይህን ትጨርሳለች? አብዛኛዎቹ አይጨርሱም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ነገሩን የቀየረው አዚትሮማይሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል። ለትልቅ ሰው አንድ ግራም፣ ለልጆች በክብደታቸው ልክ፤ ሚዛን በሌለበት ገጠር ግን ልጁ በቁመት መለኪያ ዘንግ ተለክቶ ሽሮፑ ይሰጠዋል። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ብቻ ቲቲሲው ይቀጥላል። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ በሙሉ ነው። ዓይኑ ደህና የሚመስለው ልጅም ባክቴሪያውን ሊይዝ ይችላልና። አንዱን አክመህ ሌላውን ብትተው መልሶ ሊይዘው ይችላል።

ይህን መድኃኒት ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነጻ ይሰጣል፤ ሥርጭቱን የሚመራው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ተቋም በ1998 ተመሠርቷል። በክልላችን ከጤና ቢሮው ጋር የካርተር ማዕከልና የላየንስ ክለብ ብዙ ሠርተዋል። ከኅዳር 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ያጣመረ «ማልትራ» የተባለ የዘመቻ ሳምንት ተጀመረ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመንደር በጎ ፈቃደኞች በአንድ ሳምንት ሚሊዮኖችን ያዳርሱ ነበር። ኮቪድና ጦርነቱ ሥራውን ደጋግመው አስተጓጉለውታል፤ ያንን እዚህ አላብራራም፣ ሁላችንም ስልካችን ላይ ኖረነዋል።

«የአዚትሮማይሲን ጠብታስ?» የሚል ጥያቄ ከወንድማችን መጥቶልኛል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አለ። 1.5 በመቶ የሆነው ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ሲጨመር ከሚዋጠው ያላነሰ እንደሚሠራ በጊኒና በፓኪስታን ሕፃናት ላይ ታይቷል። በሰሜን ካሜሩን ኮሎፋታ በሚባል ወረዳ ለሕዝቡ በሙሉ ተሰጥቶ ትራኮማውን በእጅጉ ቀንሶታል። ልብ በሉ፣ «ለሕዝቡ በሙሉ»። እዚያም የሠራው ወረዳው በአንድ ጊዜ፣ በተቆጣጣሪ፣ ዓመት እየጠበቀ ስለተሰጠው ነው። እኛ ሁለት መቶ ጠርሙስ ብንልክ ሁለት መቶ ልጅ ለጥቂት ሳምንት ይሻለዋል። ያልደረሳቸው ወንድሞቻቸው ባክቴሪያውን ይመልሱላቸዋል። ገንዘባችንም ነጻ በሚሰጥ መድኃኒት ምትክ ይወጣል።

ሁለት ጥናቶች ልጥቀስላችሁ፤ ሁለቱም በእኛው ክልል የተደረጉ ናቸው፤ ስማቸውም የእኛው ነው።

የመጀመሪያው «ጣና» ይባላል። ተመራማሪዎቹ የእንግሊዝኛውን ስም ፊደላት ሲያሳጥሩት ጣና ሆኖ ወጣላቸው። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሄደ ነው። አዚትሮማይሲን ለመንደሩ ሲሰጥ በሕፃናት ዓይን ያለው ባክቴሪያ በጣም ቀነሰ። ማንም ያልጠበቀው ደግሞ መድኃኒቱን ባገኙት መንደሮች የሕፃናት ሞት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ማነሱ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ታየ። በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን በወሰዱ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚገኘው የሳንባ ምች ባክቴሪያ መድኃኒቱን መቋቋም ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ በታች የነበረው ወደ 47 በመቶ ገደማ ወጣ። ሥርጭቱ ሲቆም መልሶ ቀንሷል። ይህን የምነግራችሁ አንቲባዮቲክ ያለ ዕቅድ መበተን ዋጋ እንዳለው እንድታዩት ነው። በታቀደ ሥርጭት ጥቅሙና ጉዳቱ ይመዘናል፣ የሚከታተል አለ። በሻንጣ የሄደውን ማን ይከታተለዋል?

ሁለተኛው ጥናት ስሙ «ውኃ» ነው፤ ይኼም ምሕጻረ ቃል ነው፣ አወጣጡ ግን ደስ ይላል። በዋግ ኽምራ በ40 የገጠር መንደሮች ተካሄደ። በግማሾቹ የውኃ ተቋም ተሠራ፣ ሳሙናና የፊት መታጠብ ትምህርት ተሰጠ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ተቀሰቀሰ፤ አንቲባዮቲክ ግን በጥናቱ ጊዜ አልተሰጠም። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕፃናት ዓይን ያለው ባክቴሪያ አልቀነሰም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከፋኝ። እኔ ራሴ ለዓመታት በዚህ ማኅበር ውኃ፣ ውኃ ስል የኖርኩ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ውኃ ለተቅማጥ፣ ለሴት ልጅ ጀርባ፣ ለትምህርት ቤት ሰዓት ያስፈልጋል። ለትራኮማ ግን ውኃው ብቻውን፣ በሦስት ዓመት፣ በጣም በተያዘ አካባቢ አልበቃም። ከመድኃኒቱ ጋር እጅ ለእጅ መሄድ አለበት። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን የውኃ ቧንቧ ፕሮጀክት አትተዉት እላለሁ፤ ዓይንን ያድናል ብላችሁ ብቻ ግን ገንዘብ አትለምኑበት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ ሥርጭቱ የጤና ቢሮው ሥራ ነው። እኛ ልንሞላው የምንችለው ቀዳዳ ሌላ ነው፤ ወረንጦዋን አንገቷ ላይ አስራ የምትዞረዋ እናት ጋ ነው። ከመካከላችሁ አያቱ ወይም አክስቱ ጎረቤት ጠርታ፣ ጭንቅላቷን ፀሐይ ላይ አዘንብላ፣ ሽፋሽፍቷን ስታስነቅል ያላየ የለም። እኛ ልጆች ሆነን ጨዋታ ይመስለን ነበር። ያ የተቀለበሰ ፀጉር ነው። ሲነቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ተሰብሮ የቀረው ጉቶ ግን ሲያድግ የበለጠ ይወጋል። ሴቶች በዚህ ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይበልጥ ይታወራሉ፤ ምክንያቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ታቅፈው ነው የኖሩት።

ሕክምናው አጭር ቀዶ ጥገና ነው። ቆቡ በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ ጠርዙ ተቆርጦ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በጤና ጣቢያ ነው፤ የሚሠሩትም ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ይህን ስናገር ትንሽ ብኮራ ይቅር በሉኝ። እዚህ ቴክሳስ ነርስ የዓይን ቆብ ልቅደድ ብትል ፖሊስ ይጠሩባታል። የእኛ አገር ነርሶች ግን የዓለም ሐኪሞች የሚያነቡትን ውጤት አስመዝግበዋል። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በክልላችን 1,000 ሰዎች ላይ ሁለት የቀዶ ጥገና ዘዴዎችን አወዳድረው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንዱ ዘዴ ፀጉሩ በዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ ነበሩ። በወላይታ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የተሰጣቸው ሰዎች፣ ስድስት ሳምንት ቲቲሲ ከተቀቡት ይልቅ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ነበር። ለዓይን ቆብ አንቲባዮቲክ ቦታው የት እንደሆነ ይህ ያሳያል፦ ከመርፌና ክሩ ቀጥሎ፣ ባወቀ ሰው እጅ።

ቀዶ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ታዲያ እናቶች ለምን አይሄዱም? ሲጠየቁ የሚሉት የምናውቀውን ነው። መንገዱ ሩቅ ነው። የሚሸኘኝ የለም፤ ዓይኔ ታሽጎ ማን ይመልሰኛል? ቤቱን፣ ከብቱን ለማን ትቼ? ምላጭ ዓይኔ ላይ? መኸር ነው፣ ክረምት ነው። ደግሞም አንድ ጉዞ አይበቃም። በማግስቱ ፋሻው ይነሣል፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ክሩ ይወጣል፣ ከወራት በኋላ ፀጉሩ እንዳልተመለሰ ይታያል። በሁለተኛው ጉዞ ላይ የሚቀሩት ብዙ ናቸው።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ለጠብታ የተጠየቀው ገንዘብ ለእነዚህ ጉዞዎች ይዋል። ቀዶ ጥገና የሚሰጥበትን ሳምንት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር እንነጋገር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ፀጉር የተቀለበሰባቸውን ሰዎች ስም ይዘው ነው የሚዞሩት፤ ለእነዚያ ሰዎች የአንድ ሸኚ ጭምር ደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የማደሪያና የሁለት ቀን ምግብ፣ ክር ለማስወጣትም ሁለተኛውን ጉዞ እንክፈል። ቀድሞ የተሠራላት እናት ከቤት ወደ ቤት ሄዳ «እኔ ዳንኩ፣ አትፍሩ» እንድትል ለድካሟ እንስጣት፤ ከእኔም ከየትኛውም ፖስተር ይልቅ የምትታመነው እሷ ናት። መንገድ ተዘግቶ በዚያ ዓመት ካልተቻለ ገንዘቡ ይቆይ፤ ወደ ጠብታ አይዙር። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን በብር አስልተው በወረቀት ይዘዋል፣ ከእሳቸው ጠይቁ።

አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ባዶ እጃችንን እንዴት እንሄዳለን እንደምትሉ አውቃለሁ። ፎጣ ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ትንሽ ፎጣ። ሳሙና እዚያው ግዙ፣ የመንደሩ ባለ ሱቅም ይጠቀማል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወረንጦ ከያዙ ግን አብራችኋቸው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሦስት ሳምንት ዕረፍታችሁን ሁለት ቀን ለዚህ ስጡ። እናንተ ሳላችሁ ሸኚ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ድፍረትም አለ።

ድምፅ የምንሰጠው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአሜሪካኖቹ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቡናው በሚፈላበት ጠረጴዛ አጠገብ እቀመጣለሁ። በቦርሳችሁ የያዛችሁት የዓይን ጠብታ ካለ አምጡና ጽሑፉን አብረን እናንብበው፤ ስቴሮይድ ያለበት የትኛው እንደሆነ አሳያችኋለሁ። መቼ እንደከፈታችሁት የማታስታውሱትን ግን አታምጡልኝ፤ ቤት ስትገቡ ጣሉት።